ሸጎሌ፦ የሼህ ሖጀሌን ስም የተሸከመው የጉለሌ ሰፈር

ሸጎሌ በአዲስ አበባ ከተማ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከጳውሎስ፣ ከዊንጌትና ከአስኮ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ሸጎሌን የሚያውቀው በአንበሳ አውቶቡስ ዴፖውና በቁም እንስሳት ገበያው ነው። ዒድ አል-አድሐ (አረፋ) ሲቃረብ በግ ወይም በሬ ፍለጋ ወደዚያ ያልወረደ የሰሜንና የምዕራብ አዲስ አበባ ሙስሊም ጥቂት ነው።

ነገር ግን "ሸጎሌ" የሚለው ስም ራሱ የአንድ ሙስሊም ሼህ ስም መሆኑን የሚያውቁ ብዙ አይደሉም። የታክሲ ወያላው "ሸጎሌ! ሸጎሌ!" እያለ ሲጣራ ሳያውቀው የሚጠራው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከአሶሳ የመጡትን ገዥ፣ ሼህ ሖጀሌ አል-ሐሰንን ነው። ይህ ጽሑፍ ስሙ እንዴት እዚህ እንደደረሰ፣ ሼሁ ማን እንደነበሩ፣ ግቢያቸው የነበረው ዳር አገርም እንዴት የከተማ ሰፈር እንደሆነ ያስረዳል።

ስሙ ከየት መጣ?

የአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በአብዛኛው ከሰው ነው። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን የምንጠራቸው ሁሉ በዚያ ቦታ ግቢ የነበራቸው መኳንንት መታሰቢያ ናቸው። ሸጎሌም የዚሁ ባህል ውጤት ነው። ልዩነቱ በሌሎቹ ላይ ማዕረጉና ስሙ ተለይተው ሲሰሙ በሸጎሌ ላይ "ሼህ" የሚለው ማዕረግና "ሖጀሌ" የሚለው ስም አንድ ላይ ተጣብቀው መቅረታቸው ነው። "ሼህ ሖጀሌ" በፍጥነት ሲጠራ፣ የዐረብኛው የጉሮሮ ድምፅም በአማርኛና በኦሮምኛ ተናጋሪው አፍ ሲላላ፣ "ሾጎሌ"፣ በኋላም "ሸጎሌ" ሆነ። ስሙ በዚህ መልክ በመለወጡ ዛሬ ሲሰሙት የሰው ስም አይመስልም።

"ሖጀሌ" (ኾጀሊ) የሚለው ስም በሱዳን የታወቀ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሞቱ ሼህ ኾጀሊ የሚባሉ የሱፊያ ሰው መቃብር በሰሜን ካርቱም (ባሕሪ) ይገኛል። በዙሪያው ያለው ሰፈርም እስከ ዛሬ "ሒላት ኾጀሊ" ይባላል። በመሆኑም ካርቱምም አዲስ አበባም በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር አላቸው። ሰዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። የእኛው ሼህ ሖጀሌ የቤኒ ሻንጉል ገዥ ነበሩ። ስሙ በሁለቱም አገር መገኘቱ ግን ድንበር ሳይሰመር በፊት ቤኒ ሻንጉልና የሱዳን አባይ ዳርቻ በሃይማኖት፣ በንግድና በጋብቻ ምን ያህል የተሳሰሩ እንደነበሩ ያሳያል።

ከከተማዋ በፊት

ሸጎሌ ከመባሉ በፊት ቦታው ባዶ አልነበረም። ጉለሌ የሚለው ስም በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዋ በእቴጌ ጣይቱና በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ዙሪያ የተሰባሰቡ ድንኳኖችና ጎጆዎች ነበረች። ጉለሌ ከዚያ ወጣ ያለ የእርሻና የግጦሽ አገር ነበር።

ምኒልክ ለመኳንንቱና ለገባር ገዥዎች በየአቅጣጫው የግቢ ቦታ ይሰጡ ነበር። እያንዳንዱ ባለ ግቢ ከነአጃቢው፣ ከነአገልጋዩና ከነእንስሳቱ ይሰፍራል። "ሰፈር" የሚለው ቃልም የመጣው ከዚሁ አሰፋፈር ነው። በግቢና በግቢ መካከል ሰፊ ሜዳ፣ ገደልና ወንዝ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሰፈሮቹ እንደ ተለያዩ የገጠር መንደሮች ነበሩ።

የሸጎሌን አቀማመጥ ስናይ ከምዕራብ ለሚመጣ ሰው የተመቸ ሆኖ እናገኘዋለን። ወደ አምቦ፣ ወደ ነቀምቴና ወደ አሶሳ የሚወስደው መንገድ እስከ ዛሬ ከከተማዋ የሚወጣው በአስኮና በቡራዩ በኩል ነው። ከቤኒ ሻንጉል ወርቅና ሌላ ግብር ጭኖ ለሚመጣ ቅፍለት ይህ የከተማዋ የምዕራብ መግቢያ ነበር።

ቤኒ ሻንጉልና ሼህ ሖጀሌ አል-ሐሰን

ሼህ ሖጀሌን ለመረዳት አገራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤኒ ሻንጉል በወርቁ የታወቀ አገር ነው። የበርታ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በወንዞች ዳር አሸዋ እያጠበ ወርቅ ያወጣል። ይህ ወርቅ የግብፁን ገዥ የሙሐመድ ዓሊን ዓይን ስቧል። የእርሱ ጦር ሱዳንን በያዘበት በ1813 ዓ.ም. አካባቢ እስከ ፋዙግሊና ቤኒ ሻንጉል ድረስ ዘልቋል። ሙሐመድ ዓሊ ራሱም በ1831 ዓ.ም. ገደማ ወርቁን በዓይኑ ሊያይ እስከ ፋዙግሊ ተጉዟል። ጦሩ ከወርቅ በተጨማሪ የሚፈልገው ባሪያ ነበር።

በዚህ ዘመን ከሱዳን የመጡ ዐረብኛ ተናጋሪ ነጋዴዎችና ፉቀሃዎች ከበርታ ሴቶች ጋር እየተጋቡ በአካባቢው ሰፈሩ። ልጆቻቸው "ወጣዊጥ" የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። እስልምናን በማስፋፋትና ንግዱን በመቆጣጠርም የገዥ መደብ ለመሆን በቁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በአካባቢው ሦስት ሼሆች የሚገዟቸው ግዛቶች ጎልተው ወጥተው ነበር፤ አቆልዲ (አሶሳ)፣ ቤላ ሻንጉልና ኾሞሻ። ሼህ ሖጀሌ አል-ሐሰን የአሶሳው ገዥ ነበሩ።

ግዛቶቹ በሁለት ኃይሎች መካከል ወድቀው ነበር። ከምዕራብ የማህዲስቶች ጦር ይመጣል፤ ከምሥራቅ ደግሞ የሸዋ ኃይል ይገፋል። በጥቅምት 1881 ዓ.ም. ራስ ጎበና ዳጬ በወለጋ ጉተ ዲሊ በተባለ ቦታ የማህዲስቶችን ጦር አሸነፉ። ከዓድዋ ድል በኋላም እንግሊዝና ፈረንሳይ ወደ ነጭ አባይ ሲሽቀዳደሙ ምኒልክ የምዕራብ ድንበራቸውን ለማስከበር ጦር ላኩ። በ1890 ዓ.ም. የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን በቤኒ ሻንጉል ዘመቱ። ውጊያው ለአካባቢው ሕዝብ ከባድ ነበር። በመጨረሻም ሼሆቹ ለምኒልክ ገቡ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ ምኒልክና እንግሊዝ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስነውን ውል በአዲስ አበባ ፈረሙ። ቤኒ ሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል ሆነ። ውሉ የአባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚመለከት አንቀጽም ነበረው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሕዳሴ ግድብ ክርክር ሲነሳ የዚህ ውል ስም ደጋግሞ የተሰማው ለዚህ ነው። ግድቡ የተሠራውም በዚያው በቤኒ ሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ከእስረኛነት ወደ ገዥነት

ከዘመቻው በኋላ ሼህ ሖጀሌ ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ፤ ለዓመታትም በእስር ቆዩ። ያኔ ግን እስርና ሹመት ተራርቀው የሚኖሩ ነገሮች አልነበሩም። የተሸነፈ ገዥ በመናገሻው ከተማ በዓይነ ቁራኛ እየተጠበቀ ይቆያል። ታማኝነቱ ሲረጋገጥ ወይም ያለ እርሱ አገሩ አልገዛ ሲል ተሹሞ ይመለሳል። ሼህ ሖጀሌም በኋላ ተፈትተው ወደ አሶሳ ተመለሱ። ከቀድሞው በላይ ሥልጣን አግኝተውም የቤኒ ሻንጉል የበላይ ገዥ ሆኑ። በለውጡ በየጊዜው ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ ይገብሩ ነበር።

በዚያን ጊዜ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ግብር በመክፈል ብቻ ለአዲስ አበባ የሚገዙ ገዥዎች ጥቂት ነበሩ። የጅማው አባ ጅፋር፣ የነቀምቴው ኩምሳ ሞረዳና የቄለሙ ጆቴ ቱሉ ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። ሼህ ሖጀሌም ከነዚህ ተርታ የተሰለፉ ነበሩ። እንዲህ ያለ ገዥ በአዲስ አበባ ግቢ ያስፈልገዋል። ግብር ሲያስገባ የሚያርፍበት፣ ደጅ ሲጠና የሚቀመጥበት፣ በክብረ በዓል ቤተ መንግሥት ሲጠራ ከነአጃቢው የሚወጣበት ቤት መሆኑ ነው። ለመንግሥትም ግቢው ዋስትና ነበር፤ ባለ ግቢው በቅርብ ይታያል፣ ሲፈለግም ይያዛል።

የሼህ ሖጀሌ ግቢ በጉለሌ የተሠራው በዚህ መልኩ ነው። ሰው "ሼህ ሖጀሌ ጋ" ማለት ጀመረ። ግቢው የአካባቢው ምልክት ሆነ፤ ምልክቱም ስም ሆኖ ቀረ። በመስጊድም ሆነ በገበያ ሙስሊሙ በእንግድነት ይታይ በነበረበት፣ በብዙ የደጋ አገር መሬት ርስት ለማድረግ በማይፈቀድለት ዘመን፣ አንድ ሙስሊም ገዥ በመናገሻው ከተማ የራሱ ግቢ ኖሮት ሰፈሩ በስሙ መጠራቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

የታሪኩ ከባድ ገጽ

የሸጎሌን ታሪክ ስንናገር የምንኮራበትን ብቻ መርጠን ብንነግር ታሪክ አይሆንም። የሼህ ሖጀሌ ኃይል ከወርቅ በተጨማሪ በባሪያ ንግድ ላይ የቆመ ነበር። ከቤኒ ሻንጉል ወደ ማዕከል ከሚሄደው ግብር ውስጥ ሰዎችም ነበሩበት። የተያዙት በአብዛኛው የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የማኦና የኮሞ ተወላጆች ነበሩ። ስለ ቤላ ሻንጉልና ጉሙዝ የባሪያ ንግድ ያጠኑት የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ አሕመድ ይህን በሰፊው ጽፈውበታል።

ከሼሁ ሚስቶች አንዷ የነበሩት ሲት አምና በድንበሩ የሱዳን ወገን ሆነው በዚሁ ንግድ ስማቸው ገንኖ ነበር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1928 በሱዳን የነበረው የእንግሊዝ አስተዳደር ያዛቸው። ጉዳዩ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ዘንድ ሳይቀር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ሆኖም ጥፋቱን በአንድ ሼህ ወይም በአንድ ሃይማኖት ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ባሪያውን የሚቀበለው የመሀል አገሩ መኳንንት ነበር። ከሱዳን ወገን የሚገዛም ነበር። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታለች። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አዋጅ ወጣ። በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ከአዋጁ እስከ ተግባሩ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ ገጽ ሌላም ትምህርት አለው። ባሪያን ነጻ ማውጣት በቁርኣንና በነቢያችን ﷺ ሱንና ከታላላቅ የመልካም ሥራ በሮች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በስሙ ሙስሊም የሆነ ገዥ ከራሱ ወንድሞችና ጎረቤቶች ጭምር ሰው ሲሸጥ ኖሯል። የተሸጡት ሰዎች ስም በየትኛውም ሰፈር ላይ አልተጻፈም። ሸጎሌን ስናነሳ የባለ ግቢውን ስም ብቻ ሳይሆን ግብሩን በሸክምና በእግራቸው ይዘው የመጡትን፣ ራሳቸውም ግብር የሆኑትን ማስታወስ ይገባል።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ

ሼህ ሖጀሌ በዕድሜ እጅግ ገፍተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. አካባቢ አረፉ። ከእርሳቸው ጋር የገባር ሼሆች ዘመን አበቃ። ከነጻነት በኋላ ቤኒ ሻንጉል በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር በቀጥታ መተዳደር ጀመረ።

የሸጎሌ ጎረቤት የሆነው ዊንጌትም ስሙን ያገኘው ከዚያው ምዕራብ ድንበር ጋር ከተያያዘ ታሪክ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው የገቡት በኦሜድላ በኩል ነበር። ከእርሳቸው ጋር ጦሩን ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከፈተው የጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። አካባቢውም "ዊንጌት" ተባለ። አጎራባቾቹ ሰፈሮች በአንድ ሼህና በአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ስም ሲጠሩ፣ ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኛቸው የሱዳን ድንበር ነው።

ግቢው ሰፈር ሲሆን

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በግቢዎቹ መካከል የነበረው ሜዳ ተሞላ። በመርካቶና በጉለሌ ሥራ ያገኘ፣ ከገጠር የመጣ፣ የቤት ኪራይ ርካሽ ቦታ የፈለገ ሁሉ ወደ ዳር ወጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን የባለ ግቢዎች ዘመን በሕግም አከተመ። በመላው አዲስ አበባ የመኳንንት ቤቶች ለመሥሪያ ቤትና ለቀበሌ ኪራይ ዋሉ። ሰፈሩ የሚጠራው ከአሁን በኋላ በቀበሌ ቁጥር ነበር። ሰው ግን ቁጥሩን ትቶ "ሸጎሌ" ማለቱን ቀጠለ።

ሸጎሌን ዛሬ ለከተማዋ ሰው የሚያስተዋውቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአውቶቡስ ዴፖው ነው። ማለዳ ገና ሳይነጋ አውቶቡሶች ከዚያ ወጥተው ወደየመስመራቸው ይሰማራሉ። ሌላው የቁም እንስሳት ገበያው ነው። በበዓላት ዋዜማ ጋዜጠኞች የበግና የበሬ ዋጋ ሊጠይቁ ከሚሄዱባቸው የአዲስ አበባ ገበያዎች አንዱ ሸጎሌ ነው።

ለሙስሊሙ ይህ ገበያ የራሱ ትርጉም አለው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በተጀመረው ለውጥ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሐና መውሊድ በሕዝብ በዓልነት ታወጁ። ከዚያ በፊት ሙስሊሙ አረፋን የሚያከብረው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ወይም ሥራውን ትቶ ነበር። ዛሬ ግን ለኡድሒያ በግ የሚመርጥ አባት ልጁን ይዞ በቀን ሸጎሌ ይወርዳል፤ የእንስሳውን ዕድሜ በጥርሱ ያያል፣ አካለ ጎደሎ አለመሆኑን ይመረምራል፣ ሰባት ሆነው በሬ የሚገዙትም እዚያው ይመካከራሉ። በአንድ ሼህ ስም በሚጠራ ቦታ ላይ መሆናቸውን ግን ብዙዎቹ አያውቁም።

ምን ቀረ? ምን ይደረግ?

የሼህ ሖጀሌ አሮጌ ቤት ከአዲስ አበባ ታሪካዊ ቤቶች መካከል ስሙ ይጠራል። ከዚያ ዘመን የቀሩ ቤቶች በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው ናቸው። ዝናብና እርጅና ይጎዳቸዋል፤ እድሳታቸውም ባለሙያና ገንዘብ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ዕድል ቀንቷቸዋል። ለምሳሌ በመስቀል አደባባይ የሚገኘው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ሌሎቹ ግን ያን ዕድል አላገኙም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎች አካባቢዎች አሮጌ ሰፈሮችን ሲለውጥ አይተናል። ሰፈር ሲፈርስ ነዋሪው ይበተናል። ነዋሪው ሲበተን ደግሞ ስሙ ለምን እንደተሰጠ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይጠፋል። የቦታ ስም ማንም ሳይነካው ትርጉሙን ሊያጣ ይችላል። ሸጎሌ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ስሙ አለ፣ ሼሁ ግን ከስሙ ውስጥ ጠፍተዋል።

ስለዚህ ሁላችንም ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። በሸጎሌና በአካባቢው ያደጉ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ የሚያስታውሱትን መጠየቅና በድምፅ መቅረጽ አንዱ ነው። ግቢው የት ድረስ ይደርስ ነበር? በውስጡ እነማን ይኖሩ ነበር? ከአሶሳ የመጡት ሰዎች ልጆች ዛሬ የት ናቸው? እነዚህን ጥያቄዎች መጽሐፍ ብቻውን አይመልሳቸውም። በየመስጊዱ ያሉ የወጣቶች ጀመዓዎች፣ የታሪክ ተማሪዎችና በአሶሳ ያሉ ወንድሞች ተባብረው ቢሠሩበት የሁለቱም አካባቢ ታሪክ ይድናል። የሸዋና የቤኒ ሻንጉል ሙስሊም ግንኙነት ትናንት የተጀመረ አለመሆኑም በማስረጃ ይታወቃል።

ታሪኩ ሲነገር ግን በሙሉ ይነገር። ሸጎሌ የአንድ ሙስሊም ገዥ ክብር መታሰቢያ ነው። የእስረኛነቱ፣ ድንበር ላይ የወደቀ ሕዝብ መከራና የተሸጡ ሰዎች ታሪክም በውስጡ አለ። በሚቀጥለው አረፋ ልጃችንን ይዘን ወደ ገበያው ስንወርድ "ይህ ቦታ ለምን ሸጎሌ ተባለ?" ብሎ ቢጠይቀን የምንመልሰው ይኑረን።

ወላሁ አዕለም።